በሐጅ ይማም ልብ ውስጥ በእንግድነት የገባችው ብረት

የሰው ልጅ በብረት ላይ ያለው እምነት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ አበቃለት ይላል። በሩ ብረት ከሆነ ሌባ አበቃለት። አልጋው ብረት ከሆነማ ቁንጫም አበቃላት ብሎ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፤ ቁንጫዋ ግን አልጋው ከምን እንደተሠራ ጠይቃ አታውቅም። እናንተስ ብትሆኑ፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ ባለሙያው «ብረት አስገብቼበታለሁ» ካላችሁ ዳግመኛ ታስቡበታላችሁ? አታስቡም። ብረት ገባበት ማለት በእኛ አገር ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

እኔ ሙሄ ይህን እምነት ትቼዋለሁ። ያስተወኝ መምህር አይደለም፤ ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፣ ያውም በውጭው ወገን። ያስተወኝ የጎረቤቴ የሐጅ ይማም ልብ ነው።

ሐጅ ይማም መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ማንጎና ብርቱካን የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ትንሽ፣ ማዕዳቸው ትልቅ ነው። የቤታቸው በር መዝጊያ አለው፤ ተዘግቶ ያየው ሰው ግን ስለሌለ ለጌጥ የተሰቀለ ነው የሚሉም አሉ። ሐራ ገበያ ውሎ የሚመለስ፣ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ስለ ዘር ሊጠይቅ ሄዶ የመጣ፣ ወልድያ ፍርድ ቤት ተከራክሮ የተረታ ሁሉ ከገዛ ቤቱ በፊት የሚደርሰው እሳቸው ቤት ነው። የረታውማ በግ እየጎተተ ነው የሚመጣው።

ካቻምና ሐጅን ደረታቸውን ያዛቸው። ዳገት ሲወጡ አንድ ግመል ደረታቸው ላይ ተንበርክኮ አልነሳም የሚል ይመስላቸው ጀመር። ከድጃ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ መርሳ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የምትውል፣ ቀልድ ሲነገራት እንኳ ርዝመቱን በዓይኗ የምትለካ ሴት ናት። እሷ ይዛቸው አዲስ አበባ ሄደች። እዚያ ያሉት የልብ ሐኪሞች በእጃቸው አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ ሰደዱ፤ ልብን ራሱን የሚያጠጣው የደም ስር ከጠበበበት ቦታ ደረሱ፤ በትንሽ ፊኛ ገፍተው ከፈቱት፤ ተመልሶ እንዳይጋጠም ደግሞ እንደ ወንፊት የተጠላለፈች ብረት አቆሙበት። ስቴንት ይሏታል። እስክሪብቶ ፈትታችሁ ታውቁ እንደሆነ ውስጧ ያለችውን ሞላ አስቡ፤ ያቺን ትመስላለች፣ ከዚያችም ታንሳለች።

ሐጅ መርሳ ሲመለሱ ከእሳቸው ይልቅ የተከበረችው ብረቷ ነበረች። በወረዳችን ልቡ ውስጥ ብረት ያስገባ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው ብዬ አወጅሁ፤ ማንም አላስተባበለኝም፤ ስለዚህ እውነት ሆነ። ሰማዩ ሲያጉረመርም መብረቅ ይስባሉ ብሎ ከአጠገባቸው የሚሸሽ ሰው ነበር። ማንኪያ ደረታቸው ላይ ይጣበቅ እንደሆነ ሊሞክር የፈለገም ነበር፤ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ አልተጣበቀም። አሮጌ ብረት የሚገዛው ሰውዬ «ቆራሌው!» እያለ በሰፈራችን ሲያልፍማ ሮጬ ሄጄ፣ ሐጅ ቶሎ ይግቡ፣ ሚዛኑን ይዞ መጥቷል እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ለቀልዱ ሲሉ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ጠቅልለው ይገባሉ። ከዚያ ከውስጥ ሳቃቸው ይሰማል። ድምፃቸው ትንሽ ነው አላልኳችሁም? ሳቃቸው ግን ከማንጎው ላይ ወፍ ያስነሳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የማወራችሁ ስለዚያ ሳቅ ነው፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።

ከዚያ ጠያቂው መጣ።

ወሎ ውስጥ ታሞ መዳን ከመታመም ይከብዳል። የታመመ ሰው ቢያንስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መተኛት ይፈቀድለታል። የዳነ ሰው ግን ቁጭ ብሎ «እንኳን አላህ አፊያዎን መለሰልዎት» የሚለውን ሕዝብ በሙሉ አንድ በአንድ መቀበል አለበት። መቀበል ማለት ደግሞ ማብላት ነው። ማብላት ማለት ደግሞ አብሮ መብላት ነው። እንግዳ ብቻውን አይበላም፤ ባለቤቱ አብሮት ካልቆረሰ ያፍራል፤ እንግዳው ካፈረ ቤቱ ተዋረደ። ማንም ሐጅን ሊያጠግብ አልተነሳም፣ ወላሂ። እያንዳንዱ ጠያቂ ያበላቸው አንዲት ጉርሻ ብቻ ነው። ጠያቂው ግን መርሳና ወልድያ፣ እንዲሁም በመካከላቸው ያለው ሕዝብ በሙሉ ነበር።

ሐጅ ስኳር በሽታም አለባቸው። ሻይ ሲቀርብ ከራሳቸው ብርጭቆ ስኳሩን ያስቀራሉ፤ ወዲያው ደግሞ እንግዳው ስኳር ቆጠቡብኝ እንዳይል ከእሱ እኩል ይጨምራሉ። የሐኪሙን እንክብል በተመለከተ ግን አንዲትም አላጎደሉም፤ ከድጃ ከፊታቸው ቆማ አፋቸውን አስከፍታ፣ ምላሳቸውን አስነስታ ነው የምታየው። ለእንክብሉ ጠባቂ ነበረው። ለጉርሻው አልነበረውም።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የምትበረታው እትዬ ሰዓዳ ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ አነባበሮዋ ደግሞ ቅቤው በክርንህ በኩል ካልወረደ እንደበላህ የማይቆጠርበት ዓይነት ነው። ሐጅ በቃኝ ሲሏት ጉርሻዋን አየር ላይ እንደያዘች «በሞቴ» ትላለች። ይህን ቃል ቁጭ ብላችሁ አስባችሁት ታውቃላችሁ? አንድ ጤነኛ ሰው አንድ በሽተኛን ቅቤ ሊያጎርስ የገዛ ሞቱን መያዣ አድርጎ ያቀርባል። እምቢ ካልክ ገዳይ ነህ። እሺ ካልክ እሱ ዳነ፤ አንተን የሚጠይቅ ግን የለም። በየቀኑ በስንቱ ቤት እንዲህ እየተባለ ስንቱ ሰው ከሞት እንደሚተርፍ አላህ ይወቀው። ሐጅም ሰው መግደል ስለማይወዱ ይጎርሳሉ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሐጅ በጣም ሰላምተኛ ሆኑ።

ድሮም ሰላምተኛ ነበሩ፤ አሁን ግን በዛ። ወደ መስጊድ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ቆመው ደኅና ነህ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ አዝመራው እንዴት ይዞታል ይሉታል። ጨረስን ብሎ ሊሄድ ሲል አማቱን ያነሱበታል። በሌላ አገር ቢሆን ሰው ይጠረጥር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ረጅም ሰላምታ ማን ይጠረጥራል? የሐጅ አደብ በሕመም እንኳ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ ተባለ። ወጣቶች ከእሳቸው ተማሩ ተባሉ።

ያወቀባቸው የከድጃ ዓይን ነው። አንድ ከሰዓት ገበያ ልትሄድ ስትወጣ አባቷ የመብራት እንጨት ተደግፈው ቆመዋል። መንገዱ ላይ ሌላ ሰው የለም። ሐጅ ግን በዝግታ «ደኅና ነህ? ቤተሰቡ ደኅና ነው?» እያሉ ነው። ለካ ግመሉ ተመልሶ ደረታቸው ላይ ተንበርክኮ ኖሯል። ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሰው እንዳያውቅባቸው በሰላምታ ያርፋሉ፤ የዚያን ቀን ደግሞ ሰው ጠፋና እንጨቱን ሰላም አሉት።

እንሂድ ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። ጨጓራ ነው አሉ። ምክንያታቸው ደግሞ መፍቻ የለውም። ልብ ውስጥ ብረት ገብቷል፤ ብረት የገባበት ቦታ ከተጠርጣሪነት ነፃ ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ከብረቷ በታች ያለው ጨጓራ ነው። ሰፈሩም አጸደቀላቸው። ተልባ የሚወቅጥ ወቀጠ፣ ተልባ የሚበጠብጥ በጠበጠ፤ ሐጅ ተልባ ሲጠጡ ሰነበቱ። እትዬ ሰዓዳማ ተልባውን ራሱ በሞቴ ብላ ነው የምታጠጣቸው።

በመጨረሻ ከድጃ መሐላ ገባች። አባቷ ካልሄዱ ሱቋን ዘግታ እግራቸው ሥር እንደምትቀመጥና ሰላም ያሉትን ሰው ሁሉ ተከትላ «ደክሟቸው ነው እንጂ ወደውህ አይደለም» እያለች እንደምትናገር ነገረቻቸው። ይሄ ሐጅን ከሞት ይልቅ አስፈራቸው። ወልድያ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ እዚያ የልብ ምታቸውን በወረቀት አስነብበው፣ ነገሩ የጨጓራ እንዳልሆነና ብረቷን ወዳስገቡት ሰዎች ቶሎ መሄድ እንዳለባቸው ተነገራቸው። እኔም አብሬ እንድሄድ ከድጃ አዘዘችኝ፤ አባቷ መንገድ ላይ እንዳይጨነቁ የሚያጫውታቸው ሰው ያስፈልጋል ብላ። በሕይወቴ ቀልዴ ለሥራ የተፈለገው ያኔ ነው።

የአዲስ አበባዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ረጅም። የደም ስሩን ሥዕል በትልቅ መስታወት ላይ አሳየችን። እንደ ክረምት ወንዝ ጥቁር ሆኖ ሲወርድ ይታያል፤ ታዲያ ልክ ብረቷ ካለችበት ሲደርስ ወገቡን በመቀነት እንደታሰረ ሰው ሸንቀጥ ይላል። ከብረቷ በላይ አይደለም፣ ከብረቷ በታችም አይደለም። እዚያው ብረቷ ውስጥ ነው።

ሐጅ ዛገች እንዴ ብለው ጠየቁ። አልዛገችም። ተሰበረች? አልተሰበረችም። ከድጃ በጥርጣሬ ወደ እኔ እያየች ታዲያ ቅቤው ነው ወይ አለች። ሐኪሟ ቅቤውንም እንደማትወደው፣ ስኳሩን ደግሞ ከቅቤው ይበልጥ እንደማትወደው ተናገረችና ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው አለች። ፊኛው ሲገፋና ብረቷ ስትቆም የደም ስሩ ግድግዳ ይቆስላል። የቆሰለ ገላ ምን ያደርጋል? ይድናል። አዲስ ሥጋ ያበቅላል፣ ቁስሉን ያለብሳል፣ ብረቷንም አብሮ ያለብሳል።

«ስስ ሽፋን ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ያስፈልገናል፣ ደሙ ባዶ ብረት እንዳይነካ» አለቻቸው። «የእርስዎ ገላ ግን ማቆሚያውን ሳተው። እያለበሰ እያለበሰ ሄዶ መንገዱን ራሱ ሞላው። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ይበዛል። ምንም ሳያጠፉ የሚደርስባቸውም አሉ።»

እንክብሎቹን ባያቋርጡ ነው እንጂ ደሙ ብረቷ ላይ ረግቶ በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ይችል ነበር አለች። ከድጃ ይህን ስትሰማ ቁመቷ ጨመረ።

ሐጅ ግን በዚያች ትንሽ ድምፃቸው «እና በሩን የዘጋብኝ የገዛ ሥጋዬ ነው?» አሉ። ፊታቸው የከዱት ሰው ፊት ሆነ። እኔ ደግሞ የተቀጠርሁት ለዚህ ሰዓት አይደል? ሐጅ፣ ምን ይገርምዎታል አልኳቸው፤ የማን ሥጋ ነውና? የወሎ ሥጋ አይደለም እንዴ? አንዲት እንግዳ ብረት ከማታውቀው አገር መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሌላ አገር ቢሆን ዝም ብሎ ያልፋት ነበር። የእርስዎ ሥጋ ግን «ወይ ጉድ፣ ብርድ ላይ ቆማለች» አለ፤ ጋቢ አለበሳት። አልበቃውም፣ ሌላ ጋቢ ደረበላት። ዘመድ ጠራላት፣ ጎረቤት ሰበሰበላት፣ ከበው ተቀመጡ። ከዚያ ደም ሊያልፍ ሲመጣ በየት በኩል ይለፍ? ሥጋዎ አልካድዎትም፤ እንግዳ ተቀብሎ ነው የዘጋብዎት።

ሐኪሟ ሳቀች። ለተማሪዎቿ እንዲህ ብላ እንደማታውቅ፣ ወደፊት ግን እንደምትል ነገረችኝ። ሐጅም ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ከማንጎ ላይ ወፍ የሚያስነሳው ሳቅ ግን አልወጣም።

መድኃኒቱ ምን ሆነ? መጀመሪያ የገባችው ብረት ባዶዋን ነበረች፤ አሁን የምትገባው መድኃኒት የተቀባች ናት። መድኃኒቱ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተለቀቀ ለሥጋው ቀስ በል፣ አንድ ጋቢ ይበቃታል ይለዋል። በፊኛ እንደገና ከፈቱት፤ የተቀባችውን በአሮጌዋ ውስጥ አቆሙ። ሲወጡ ሐኪሟ ከድጃንና እኔን ለብቻችን ጠራችን።

«በብረት ላይ ብረት እየደረብን መቀጠል አንችልም» አለችን። «ለሦስተኛ የሚሆን ቦታ የለም። ይሄኛው ከጠበበ የሚቀረን ደረታቸውን መክፈት ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው እዚያ እንዳንደርስ እፈልጋለሁ።»

ስኳራቸው ይውረድ፣ ቅቤው ይቅር፣ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፣ እንክብሉ እንዳይቋረጥ፣ ለጊዜው ደግሞ ሰው አይብዛባቸው። ይህንን ሁሉ ከድጃ በቃሏ ያዘች። ስንመለስ እስከ መርሳ አስፋልቱን በዓይኗ እየለካች ነበር።

እንደደረስን በርጩማ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችና እኔን በርጩማው ላይ አስቀመጠችኝ። ተግባሬ ቀላል ነው። ጠያቂ ሲመጣ በሩ ላይ ዱዓ አድርጎ፣ ሰላምታውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ይመለሳል። የሚበላ ነገር ወደ ውስጥ አያልፍም። እኔ በሐጅ ይማም በር ላይ የቆምሁ መድኃኒት የተቀባሁ ብረት ነኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሹመት በዘር ማንዘሬ የለም፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ተቀመጥሁ።

ጠያቂውን መመለስ አልከበደኝም። ከወልድያ የቢሮ መኪና ይዞ የመጣውን ሳይቀር አንተ ብዬ መልሻለሁ። የከበደው ምግቡ ነው። ንገሩኝ እስቲ፣ ለበሽተኛ ያመጣኸውን ሰሃን እንደተሸፈነ ይዘህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ? ጎረቤት ምን ይላል? በሽተኛው ሞተ ይላል። ለክፉ ነው። አንድ ሰው ቢያንስ ቀምሶ መባረክ አለበት። እትዬ ሰዓዳ አነባበሮዋን ገልጣ ፊቴ ላይ አቆመችው። የታዘዝሁት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ ወደ እኔ እንዳይገባ አልተባልሁም። «በሞቴ ሙሄ» አለች። እኔም ሰው መግደል አልወድም።

ሰው ደግሞ መቼም አፉ ሥራ ሲይዝ መቆም አይወድም። የመጣው አጠገቤ ተቀመጠ። እኔም ዝም ብዬ ስለማልበላ ወሬ ጀመርሁ፤ ወሬው ሲጥም ሌላው ተጠጋ። ቁርበት መጣ፣ ምንጣፍ መጣ። ፀሐይዋ ስትበረታ ሸራ ተወጠረ። ጫት የሚቆርጥ በግራ፣ ሙዝ የምትሸጥ በቀኝ ተቀመጡ። ከዋናው መንገድ የሚገቡ ባጃጆች «ሙሄ በር! ሙሄ በር!» እያሉ ሰው መጥራት ጀመሩ። ሐራ ያለ አንድ ሰው ልጁን ሊድር ሲል ከአማቾቹ ጋር በጥሎሽ ቢጣላ በሩ ድረስ ሽማግሌ ላከብኝ፤ ምን አገባኝ? ግን አስታረቅሁ፣ ጥሎሹንም አስቀነስሁ።

ሐጅ ውስጥ ናቸው። ያለ ቅቤ ይበላሉ፣ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፣ በጓሮ በኩል በማንጎዎቹ መካከል ይራመዳሉ። ድምፃቸው አይሰማም። ሳቅ የሚሰማው ከበሩ ነው፣ የእኔና የእንግዶቼ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሐኪሟ ወልድያ ሆስፒታል ላሉት ባልደረቦቿ ደውላ ነበርና እዚያ ሊታዩ ነው። ባጃጁ መንገዱ ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ሐጅ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከውስጥ መጡ፤ ከኋላዬም ቆሙ።

«ሙሄ» አሉ።

«አቤት ሐጅ።»

«ልወጣ ነበር።»

ዞር ብዬ አየሁ። በግራዬ ሰው፣ በቀኜ ሰው፣ ጉልበቴ ላይ ሰሃን፣ ከሰሃኑ በላይ ሌላ ሰሃን። ልነሳ ስል በርጩማው አብሮኝ ተነሳ፤ መጀመሪያ ስቀመጥበት ይሰፋኝ የነበረ በርጩማ ነው እኮ። ባጃጁ ጥሩንባውን ደገመ። ከድጃ በሰዎቹ ላይ ተረማምዳ መጣች፤ አልተቆጣችም። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣ በእኔ ትከሻና በበሩ መቃን መካከል የቀረውን ክፍተት ዘርግታ ለካች፣ ሜትሯን መልሳ ጠቀለለች።

«ሐኪሟ ያሳየችንን ሥዕል ታስታውሰዋለህ ሙሄ?» አለችኝ። «ያ የጠበበው ቦታ አንተ ነህ።»

መንገዱን ከፍቶ እንዲያቆይ የተተከለው ብረት ጋቢ በጋቢ ላይ ተደርቦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦለት፣ በሩን ዘግቶት ተገኘ። ሥጋና ደም ስለ እንግዳ አቀባበል የሚያውቁትን መርሳም ታውቀዋለች። ሐጅ በጓሮ በኩል አጥር ተነቅሎላቸው ወጡ። ደረት መክፈት ማለት ይሄ ነው አልሁ በልቤ፤ ጮክ ብዬ ግን አላልሁትም፣ ከድጃ ሜትር ይዛለች።

ወልድያ ስንደርስ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሆስፒታሉ በር እስከ ሐኪሙ ክፍል ድረስ ረጅም ዳገት የመሰለ መንገድ አለ። መርሳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚያን ቀን እዚያ ውሎ ነበር። ሐጅ «ሰላም፣ ሰላም» እያሉ፣ ሳይቆሙ፣ ከዘራቸውን ሳይደገፉ አለፉ። ሰዉ ተቀየመ። ሐጅ ምነው ኮሩ፣ አማቴን እንኳ አልጠየቁኝም ያለ ነበር። ከድጃ ግን ከኋላ እየተከተለች እንባዋን በሜትሯ ጫፍ ትጠርጋለች። አባቷ ማንንም ሳይጠይቁ መሄድ ቻሉ!

እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ይዤ ነበር። ደኅና ነህ አልሁት፣ ልጆቹንም ጠየቅሁት፣ አዝመራውንም ጠየቅሁት። ሰውየው ተረኛ ዘበኛ እንጂ ገበሬ አይደለሁም አለኝ። ሐጅ ተመልሰው መጥተው አጠገባችን ቆሙ።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ ሙሄ?»

አላውቀውም አልሁ፣ ትንፋሼን እየሰበሰብሁ።

«እኔም የመብራት እንጨቱን አላውቀውም ነበር» አሉና ሳቁ። ያን ሳቅ! እርግብ ከሆስፒታሉ ጣራ ላይ ተነሳች፣ ብትፈልጉ ዘበኛውን ጠይቁት። ክንዴን ይዘው እየሳቁ ወደ ሐኪሙ ክፍል አስገቡኝ።

የሐጅ ልብ ደኅና ነው ተባለ፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ስኳራቸው ወርዷል፣ በዚሁ ይቀጥሉ ተባለ። ከዚያ የደም ግፊት መለኪያው ክንዴ ላይ ተጠመጠመ፣ ጣቴም ተወጋ። ግፊቴ ወጥቷል፣ ስኳሬ ወጥቷል፣ በልብሴና በሆዴ መካከል የነበረው ሰላም ከተበላሸ ቆይቷል። ለሐጅ የመጣው ምግብ ሁሉ የት እንደገባ ሳይንስ ደረሰበት ማለት ነው። ቤትህ ግባ፣ ቅቤና ስኳር ተው፣ ሰው አይብዛብህ ተባልሁ።

አሁን ይህን የማወራችሁ ከቤቴ ነው፣ ከአልጋዬ፣ ከብረት አልጋዬ። እንኳን አላህ አተረፈህ የሚል ሕዝብ ወደ እኔ ዞሯል፤ ሸራውም ተነቅሎ ወደ እኔ በር መጥቷል። በርጩማው ላይ የተቀመጡት ግን ሐጅ ይማም ናቸው። በልብ ላይ የሚመጣውን ነገር ማንም እንደሳቸው አያውቀውም፤ ስለዚህ አሁን የኔ መድኃኒት የተቀባ ብረት እሳቸው ናቸው። ክፍተቱን በየማለዳው ከድጃ እየመጣች ትለካለች።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ጆሮዬን አቅንቼ ሳዳምጥ የእትዬ ሰዓዳ እግር ተሰማኝ፤ የቅቤው ሽታ ከእግሯ ቀድሞ ገብቷል። ሰሃኑ ሲገለጥ ሰማሁ። ከዚያ ያ ቃል መጣ።

«በሞቴ ሐጅ፣ አንዲት ብቻ።»

ስንት ድካም፣ ሁለት ብረት፣ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ፣ የከድጃ እንባ፣ ሁሉም በዚያች ጉርሻ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጅ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ እንግዳን እምቢ ያላሉ ሰው ናቸው።

«ሰዓዳ» አሉ በመጨረሻ፣ በዚያች ትንሽ ድምፃቸው፣ «አንቺ ይኸው ከልጅነትሽ ጀምሮ በሞቴ ትያለሽ፣ ወዝሽ እንኳ አልጎደለም። የምሞተው እኔ ነኝ። አልበላም።»

አልሐምዱሊላህ! አልጋዬ ላይ ቁጭ አልሁ። ዳኑ! ሐኪሟ በሽቦና በፊኛ ያልደረሰችበት ቦታ ተከፈተ፣ ሐጅ ይማም እምቢ ማለት ቻሉ። በደስታ ዓይኔን ልጠርግ ስል ድምፃቸው ቀጠለ። ምን ቢታከሙ የወሎ ሰው ናቸውና፣ የተሸፈነ ሰሃን ከበር ሲመለስ ማየት አልሆነላቸውም።

«ግቢና ለሙሄ አጉርሽው» አሉ። «እሱ ገና ብረት አልገባበትም።»